የደንቆሮ ጫካ ጉዟችንና ያልተጻፈው ሂሳብ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሂሳብ ክፍሉ ስም የቀረበ ንግግር)

 

የሂሳብ ሰው መድረክ ላይ ሲወጣ ጉባኤው ማዛጋት እንደሚጀምር እናውቃለን። ባለፈው ዓመት ሪፖርት ስናነብ ከኋላ ወንበር ላይ እንቅልፍ የወሰዳት እናት ነበረች፤ ስም አንጠራም፣ ራሷን ታውቃለች። ዛሬ ግን እባካችሁ አትተኙብን። የምንናገረው ባለፈው ኅዳር ወደ ደንቆሮ ጫካ ስላደረግነው ጉዞ ነው። በንግግሩ መጨረሻ ማኅበራችን ከቁጠባው ገንዘብ ቀንሶ እንግዳ የማስተናገድ ሥራ ይጀምር ወይስ ይቅርበት በሚለው ላይ እጃችሁን ታወጣላችሁ። እጅ የምታወጡበትን ነገር ደግሞ ከነጉድለቱ ማወቅ አለባችሁ።

ነገሩ የተጀመረው ቡና ላይ ነው። ደቡብ አፍሪካ የሚኖር የአንዲት አባላችን ወንድም ለሥራ ወደ ናሚቢያ ተሻግሮ ሳለ ያየውን በስልኩ ፎቶ እያነሣ ላከላት። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሁለተኛው ቡና ቀዘቀዘ። በናሚቢያ ሰሜን ምዕራብ ዳማራላንድ የሚባል ደረቅ አገር አለ። እንግዶች ከአገሬው ሰው ጋር ሆነው በዚያ በረሃ የዝሆንና የጥቁር አውራሪስ ዱካ እየተከተሉ ይጓዛሉ። በዚያው አካባቢ ትዋይፈልፎንቴን በሚባል ስፍራ ደግሞ የጥንት ሰዎች ከ2,000 በላይ ምስሎችን ቋጥኝ ላይ ቀርጸዋል። ቀጭኔ አለ፣ አውራሪስ አለ፣ አንበሳ አለ። ከሁሉ የገረመን ግን ከእንስሳቱ ሌላ የኮቴያቸው ምልክት ለብቻው መቀረጹ ነው። ለነዚያ አዳኞች ዱካ ማንበብ ለእኛ ፊደል የመቁጠር ያህል ነበር ማለት ነው። ስፍራውን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2007 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

እኛ ግን የሂሳብ ሰዎች ነንና ቀድመን የጠየቅነው "ገንዘቡ ለማን ይገባል?" ብለን ነው። ፈልገን ያገኘነው መልስ ይህ ነው። ናሚቢያ እ.ኤ.አ. በ1996 ሕግ አውጥታ የገጠር ነዋሪዎች ድንበራቸውን አካልለው፣ አባላታቸውን መዝግበው፣ ኮሚቴ መርጠው ከተደራጁ በመሬታቸው ላይ ካለው የዱር እንስሳና ከጎብኚ የሚገኘውን ገቢ ራሳቸው እንዲያስተዳድሩ ፈቀደች። ዛሬ እንዲህ ያሉት ማኅበራት ከ80 በላይ ናቸው። አውራሪሱ በሕይወት ሲኖር ገቢ አለ፤ ሲገደል ገቢውም አብሮ ይቀበራል። ይህን ስናነብ አንዲት እናታችን ሲኒዋን አስቀምጠው፣ "እኛስ ከቤታችን አጠገብ ያለውን መቼ አየነው?" አሉ።

እውነት ነው። ከመካነ ሰላም ቅርብ ላይ የቦረና ሳይንት ወረሂመኑ ብሔራዊ ፓርክ አለ። ሕዝቡ የሚያውቀው በድሮ ስሙ ደንቆሮ ጫካ ብሎ ነው። ቦረናን፣ ሳይንትንና መሐል ሳይንትን የሚነካ፣ ከ15 ሺህ ሄክታር በላይ የሆነ፣ ከታች ጽድና ወይራ፣ ከፍ ሲል አስታ፣ ከዚያ በላይ ጓሳና ጅብራ የለበሰ አገር ነው። አብዛኞቻችን እዚሁ ተወልደን፣ እዚሁ ተምረን፣ እዚሁ ወልደን አንድ ቀን ረግጠነው አናውቅም። ስለዚህ እያንዳንዳችን 600 ብር አዋጥተን 24 ሆነን ለሁለት ቀንና ለአንድ ሌሊት ሄድን።

ጎህ ሳይቀድ ተነሣን። መኪናው እስከሚችለው አድርሶን ተመለሰ፤ የቀረው በእግር ነው። አራት የጭነት በቅሎዎች ድንኳኑን፣ ድስቱን፣ ውኃውንና እንጨቱን ያዙ። ከፓርኩ እንጨት መልቀም ስለማይገባ የባሕር ዛፍ ፍልጥ ከቤታችን ጭነን ነበር። የነቢያት ጾም ስለገባ ምግቡ ሽሮና ምስር ሆነ፤ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም አንድ ድስት በቃ። ወሎ ላይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

አስጎብኚያችን ወጣት ልጅ ነው። ገና ስንነሣ ሁላችንም አንገታችንን አስረዝመን ቀይ ቀበሮ ስንፈልግ አይቶ ሳቀ። "እሱን አትፈልጉ፤ መጀመሪያ የሚበላውን ፈልጉ" አለን። መሬቱን አሳየን። የአይጥ መውጫ፣ ፍልፈል አዲስ የገለበጠው አፈር፣ በጓሳው መካከል የተረገጠች ቀጭን መንገድ። ቀጥሎ አንድ ድንጋይ ላይ የደረቀ ኩስ አሳየንና በእንጨት ሰነጠቀው። ውስጡ የአይጥ ጸጉርና ደቃቅ አጥንት ነበር። እናቶቻችን አፍንጫቸውን ይዘው ሳቁ። እኛ ግን ወዲያው ገባን፤ ይህ ደረሰኝ ነው። ማን በላ፣ ምን በላ፣ መቼ በላ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ተጽፏል።

ከሰዓት በኋላ ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳዎች አገኘን። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር የሚኖርበት አገር የለም። እንደ በግ ሣር እየነጨ ይውላል፤ ሲመሽ ነብርና ጅብ እንዳያገኘው ወደ ገደል ወርዶ ያድራል። አስጎብኚው ኑሯቸውን ሲነግረን ሴቶቹ ሁሉ ጆሯቸውን አቆሙ። የአንድ ቤት ጭላዳዎች እናት፣ ልጅ፣ እህትማማቾች ሆነው እድሜያቸውን በሙሉ አብረው ይኖራሉ። አለቃ መስሎ የሚንጎራደደው ባለ ጎፈሬው ወንድ ግን ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ሴቶቹ ካልተቀበሉት አይሰነብትም። "እንግዲህ ማኅበሩን የያዙት ሴቶቹ ናቸው በለን" አለች አንዷ። ሳቁ ገደሉን አስተጋባው፤ ጭላዳዎቹ ግን ቀና ብለው እንኳ አላዩንም።

ማታ እሳት ዳር ተሰበሰብን። ጡረታ የወጡ መምህር እናታችን የናሚቢያውን ሥዕል አንሥተው የእኛንም አገር አስታወሱን። ድሬዳዋ አጠገብ ፖርክ ኤፒክ በሚባለው ዋሻ ግድግዳ ላይ ጥንታዊ ሥዕል አለ። ከዚያው ከተማ በስተ ደቡብ ምዕራብ ለጋ ኦዳ በሚባል ዋሻ ደግሞ በመቶ የሚቆጠሩ የከብት፣ የዱር እንስሳና የሰው ሥዕሎች ይገኛሉ። ወደ ደቡብ ሲኬድ በጌዴኦ ሼፔ ላይ ገደሉ ግድግዳ ላይ የላሞች መንጋ ተቀርጿል፤ ቀንዳቸው ረጅም ነው፣ ግታቸውም ተለይቶ ጎልቶ ወጥቷል። አንዲት እህታችን ይህን ስትሰማ፣ "ግቷን አጉልቶ የሣለ ሰው ወተት የቆጠረ ሰው ነው" አለች። ከዚያ በኋላ ብዙ ተጫወትን። እኛም ሳይንት ላይ እንደ ተድባበ ማርያም ያለ ጥንታዊ ደብር አለን፤ እንግዳ ጫካውንም ደብሩንም በአንድ ጉዞ ሊያይ ይችላል። የዛሬው ሐሳብ የተወለደው እዚያ እሳት ዳር ነው።

በማግስቱ መሬቱ አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኖ ሳለ ቀይ ቀበሮዋን አየናት። አንዲት ብቻ ነበረች። እግሯ ረጅም፣ ጸጉሯ ቀይ፣ ጉሮሮዋ ነጭ፣ የጅራቷ ጫፍ ጥቁር። አይጥ ጉድጓድ አጠገብ ለጥ ብላ ጠበቀች፤ እኛም ትንፋሻችንን ዋጥን። ዘለለች፣ ያዘች፣ ሄደች። የቀይ ቀበሮ ነገር እንዲህ ነው፤ ሲያድን ብቻውን፣ ሲኖር በቡድን። ከቡድኑ ብዙውን ጊዜ የምትወልደው ዋናዋ እናት ስትሆን ሌሎቹ ግልገሎቹን በመመገብና በመጠበቅ ይረዷታል። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱት ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፤ ሁሉም እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ናቸው፣ የሚበዙት ባሌ ተራሮች ላይ ነው። ከሚፈጇቸው ነገሮች አንዱ ከመንደር ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስለዚህ በጫካው ዳር የምትኖር አባላችን ውሻዋን ስታስከትብ ልጇንም ቀበሮዋንም አዳነች ማለት ነው።

እስካሁን የነገርናችሁ ደስ የሚለውን ነው። አሁን ወደ ሁለቱ ጉድለቶች እንምጣ።

አንደኛው የተፈጠረው ስንመለስ ነው። በጫካው ዳር ባለው መንገድ የደረቀ ጭራሮ የተሸከመች ሴት ከፊታችን ትመጣ ነበር። ከእኛ ጋር ያለውን ስካውት ስታይ ከመንገዱ ወጥታ ቁጥቋጦ ሥር ቆመች። እንጨቱን የት እንደለቀመች አልጠየቅናትም። ስካውቱም እንዳላያት ሆኖ አለፈ። ከኋላ የቀረነው ሰላም አልናት፤ ውኃ ሰጠናት። "ምን ልታዩ መጥታችሁ ነው?" አለችን። ቀይ ቀበሮ አልናት። "እሷማ በዚያ በኩል ናት፤ ማለዳ ማለዳ ከዚያች ከድንጋዩ ሥር ትወርዳለች፣ ባለፈው ሳምንት ሦስት ሆነው አይቻቸዋለሁ" አለችና በአገጯ ጠቆመችን። እኛ ሁለት ቀን ሄደን፣ 24 ሰው ሆነን፣ አንዲት ነው ያየነው። ያቺ ሴት በየሳምንቱ ታያቸዋለች። ከሁላችንም የበለጠች ዱካ አንባቢ እሷ ናት፤ ግን የእኛ ዓይነቱ ጉዞ ለእሷ ያመጣላት ነገር ቁጥቋጦ ሥር መደበቅ ብቻ ነው።

ይህ እንዲያው ለማዘን የተነገረ አይደለም፤ የሂሳብ ጉዳይ ነው። ጫካ ሲከለል ወጪውን የምትከፍለው ጭራሮና ጓሳ ከዚያ ታመጣ የነበረችው ሴት ናት። ገቢው ለሌላ፣ ወጪው ለእሷ ከሆነ ጫካው እድሜ አይኖረውም። መንዝ ላይ ጓሳ የሚባለውን ደጋ አስቡት። የመንዝ ሰው በቀሮ ሥርዓት ጓሳውን ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቆታል። ለዓመታት ዘግተውት ይቆዩና ጊዜው ሲደርስ ተስማምተው ይከፍቱታል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለገሳ የሚሆነውን ሣር ባለ ድርሻው ሁሉ ያጭዳል። በደርግ ጊዜ የመሬት አዋጁ ሥርዓቱን አፈረሰው፤ በኋላ ነዋሪው አዲስ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ መልሶ ያዘው። ዛሬ እዚያም ጭላዳና ቀይ ቀበሮ አለ፣ እንግዳ የሚያድርበት የኅብረተሰቡ ማረፊያም አለ። ጫካውን ያቆየው ዘበኛ ብቻ ሳይሆን ድርሻ ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የራሳችን ነው፤ የሂሳብ ክፍሉ ጉድለት። ከጉዞው በኋላ ሂሳቡን እንዲህ አድርገን አቀረብን። ገቢ፣ 24 ሰው በ600 ብር፣ 14,400 ብር። ወጪ፣ ለመኪና 6,000፤ ለመግቢያ፣ ለአስጎብኚና ለስካውት 2,400፤ ለአራት በቅሎ የሁለት ቀን ኪራይ 2,400፤ ለምግብ እህልና ቅመም 3,000። ድምር 13,800። ትርፍ 600 ብር። ኮሚቴው አጨበጨበ። እኛም ደረሰኙን ከነቁጥሩ አያይዘን ስለነበር ኮራን።

ያኔ አንዲት ወጣት አባል እጇን አውጥታ፣ "ወጡን ማን ሠራው?" ብላ ጠየቀች።

ቤቱ ዝም አለ። ወጡን አምስት እህቶቻችን ናቸው የሠሩት። ከጉዞው በፊት አንድ ቀን ሙሉ እንጀራ ሲጋግሩ ዋሉ። በጉዞው ሁለት ቀን ደግሞ እኛ ተኝተን እነሱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እየተነሡ እሳት አነደዱ። ጭላዳውን ስናይ እነሱ ድስት ያጥቡ ነበር። ቀይ ቀበሮዋን ያየነው 19 ነን፤ አምስቱ አላዩአትም። እኛ የበቅሎዋን የቀን ኪራይ ጽፈን የሴቷን የቀን ሥራ አልጻፍንም። በዲፕሎማችን የተማርነው እያንዳንዱ ወጪ ይመዝገብ የሚለው ነው፤ ሆኖም ከልጅነታችን የለመድነው የእናታችን ሥራ ወጪ ተብሎ ስለማይቆጠር ዓይናችን አልፎት ሄደ። ቀበሮዋን በኩሷ ማወቅ ተምረን በመጣን በሳምንታችን፣ የራሳችንን እህቶች በበላነው እንጀራ ማወቅ አቃተን።

ስለዚህ ሂሳቡን እንደገና ሠራነው። አምስት ሴት፣ ሦስት ቀን፣ በቀን 200 ብር እንኳ ብንል 3,000 ብር ነው። እውነተኛው ወጪ 16,800 ሆነ። 600 ብር ትርፍ ያልነው 2,400 ብር ኪሳራ ነው። የአንድ ሰው ጉዞ ዋጋም 600 ሳይሆን 700 ብር ነበር። ልዩነቱን ሳይጠየቁ የከፈሉት አምስቱ እህቶቻችን ናቸው። ዛሬ በዚህ መድረክ በሂሳብ ክፍሉ ስም ይቅርታ እንጠይቃቸዋለን። ተርፏል የተባለው 600 ብር ተከፍሏቸዋል፤ የቀረው 2,400 ብር በማኅበሩ መዝገብ ላይ ዕዳ ሆኖ ተጽፏል።

ይህን የምንነግራችሁ ለምንድን ነው? እንግዳ የማስተናገድ ሥራ እንጀምር የሚለው ሐሳብ ሲቀርብ ብዙዎቻችሁ ያሰባችሁት በመጀመሪያው ሂሳብ ነው። "ለራሳችን አዋጥቶናል፣ ለሌላውም ያዋጣል" ተባለ። አላዋጣንም። የሴቷን ድካም በነጻ ቆጥሮ የሚያተርፍ ሥራ ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ወተቷ አይታይም። በዚያ ላይ እንግዳ ሰላም ይፈልጋል፣ መንገድ ይፈልጋል፣ ክረምት ሲገባ ይቀራል። የቁጠባ ገንዘባችሁ ደግሞ የልጅ ደብተር፣ የወሊድ ቀን፣ የሐዘን ቀን ገንዘብ ነው።

ቢሆንም ይቅር አንልም። ሐሳቡ ጥሩ ነው ብለን እናምናለን። መምህራኑና ተማሪዎቹ እዚሁ በመካነ ሰላም ካለው የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ይመጣሉ፤ ከደሴም፣ ከአዲስ አበባም፣ ከውጭም የሚመጣ ይኖራል። የሚያድር ሰው ደግሞ የሚበላ፣ የሚጠጣ፣ ዕቃ የሚያስጭን ሰው ነው። ስለዚህ የሂሳብ ክፍሉ አራት ነገር ይጠይቃል።

አንደኛ፣ ለመጀመሪያው ዓመት ከጠቅላላ ቁጠባችን ከአሥር እጅ አንዱ ብቻ ይውጣ። ብድር አንበደር። ድንኳን መግዛቱ ይቆይ፣ እንከራይ፤ ድስቱና ምጣዱ አለን።

ሁለተኛ፣ በመዝገቡ ላይ የወጥ ሠሪ ዓምድ ይከፈት። ከበቅሎው ዓምድ በፊት ይጻፍ፣ ክፍያውም እንግዳው በሄደ በማግስቱ ይሰጥ። ሥራው በተራ ይሁን፤ ዛሬ ድስት ያጠበች በሚቀጥለው ቀበሮ ትይ።

ሦስተኛ፣ ከእያንዳንዱ ጉዞ ገቢ ላይ ድርሻ ተቆርጦ በጫካው ዳር ለሚኖሩ ሴቶች ይዋል። ስጦታ አይሁን፣ ሥራ ይሁን። እንጀራውን ከእነሱ እንግዛ፣ ውኃውን እነሱ ያቅርቡ፣ የባሕር ዛፍ ፍልጡን እነሱ ይሽጡልን። ዱካ የምታውቀውንም ሴት ከአስጎብኚው ጋር መንገድ መሪ ሆና እንድትሄድ ፓርኩን እንጠይቅ። ፈቃዱ እስኪገኝ ይህን ክፍል አንጀምረውም።

አራተኛ፣ በየስድስት ወሩ ሂሳቡ በዚህ ጉባኤ ፊት ይነበብ። ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከከሰረ ይዘጋ። መዝጋት ነውር አይደለም፤ ኪሳራን ደብቆ መቀጠል ነው ነውሩ።

እናቶቻችን፣ እህቶቻችን፣ እኛ የሂሳብ ክፍል ሰዎች ይህን ሐሳብ ከነአራቱ ገደቡ እንደግፋለን። ከአራቱ አንዱ ከተነሣ ግን፣ በተለይ ሁለተኛው ከተነሣ፣ እጃችንን አናወጣም። ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት የምትጠይቁት ካለ ጠይቁ። ያቺ ወጣት አባላችን ያነሣችው ዓይነት ጥያቄ ከሆነ ደግሞ ከፊት ወንበር መጥታችሁ ተቀመጡ።

በመጨረሻ አንድ ነገር እናሳውቅ። ቀይ ቀበሮዋን ያላዩት አምስት እህቶቻችን በሚቀጥለው ወር ተመልሰው ይሄዳሉ። በቅሎው ተከራይቷል። ወጡን የምንሠራው እኛ የሂሳብ ክፍል ሰዎች ነን። ጨው ቢበዛ እንዳትቆጡን።